ቤት ለእንቦሳ ያልተባለለት ቤት

ከቤት ክፍሎች ሁሉ በሙሉ ስሙ የማንጠራው አንድ ነው። ሳሎኑን ሳሎን፣ ማድቤቱን ማድቤት እንላለን። ወደዚያኛው ስንደርስ ግን ቋንቋችን ይሽኮረመማል። «ሽንት ቤት» ስንል ከሁለቱ ቀላሉን ጠርተን ከባዱን እንደብቃለን፤ «መጸዳጃ ቤት» ስንል ደግሞ ስለ ፍጻሜው እንጂ ስለ ሥራው አንናገርም። የገጠሩ ወገናችን «ሜዳ ወጣሁ» ይላል። «ዓይነ ምድር» የሚለው ቃል ግን በጨዋነቱ ሁሉንም ይበልጣል። ጨዋነትን አልነቅፍም። የምነቅፈው፣ በስሙ ያልጠራነውን ነገር ማሰቡንም መተዋችንን ነው።

ይህ ዝምታ ዋጋ ያስከፍላል። በአማራ ክልል ብዙዎችን የዓይን ብርሃን የነሳው ትራኮማ ከሚዛመትባቸው መንገዶች አንዱ ዝንብ ነው፤ ከዓይን ወደ ዓይን የምትመላለሰው ያቺ ዝንብ ደግሞ እንቁላሏን የምትጥለው ሜዳ ላይ በቀረ ዓይነ ምድር ነው። ሕፃኑ ይያዛል፤ የምታቅፈው እናቱም ደጋግማ ትያዛለች። ከዓመታት በኋላ የዓይኗ ቆብ ወደ ውስጥ ይታጠፍና ሽፋሽፍቷ ብሌኗን ይፍቃል፤ እሷም በወረንጦ ትነቅለዋለች። በስሙ «የምድር ዓይን» ያልነው ነገር የሰውን ዓይን ይወስዳል።

እርግጥ ነው፣ ብዙ ተሠርቷል። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ እንደመዘገቡት፣ እ.ኤ.አ. በ1990 ከመቶ ኢትዮጵያውያን 92 ያህሉ ሜዳ ላይ ይጸዳዱ ነበር፤ በ2015 ቁጥሩ ወደ 29 ወርዷል። እ.ኤ.አ. በ2003 በተጀመረው ፕሮግራም ቤት ለቤት የዞሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በዚህ ትልቅ ድርሻ አላቸው። ቁጥሩ የማይነግረን ግን ጉድጓድም ዕድሜ እንዳለው ነው።

በእኛ አገር፣ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ፣ በየጓሮው የሚታየው ሽንት ቤት አብዛኛውን ጊዜ በባሕር ዛፍ ርብራብ ላይ ጭቃ ተመርጎ የተሠራ ነው። ርብራቡን ምስጥ ይበላዋል፤ የክረምት ጎርፍ አፉን ይንደዋል፤ ጉድጓዱም ይሞላል። ያን ጊዜ ቤተሰቡ ወይ ይቀይራል፣ ወይ ወደ ሜዳ ይመለሳል። መመለሱ ድምፅ የለውም። ርብራቡ ይከዳቸዋል ተብሎ መጀመሪያ ሕፃናቱ ይወጣሉ፤ ቀጥሎ አባወራው። ሴቶቹ ቀኑን ሙሉ ራሳቸውን ይዘው ጨለማ መጠበቅ ይጀምራሉ። ክረምት ሲገባም ጎርፉ የሜዳውን ሁሉ ጠርጎ ይወርዳል። ከጉና የሚነሱት ጉማራና ርብ ጣና ድረስ ይዘልቃሉና፣ የላይኛው ሰው ሜዳ የታችኛው ሰው ውኃ ነው።

እኔ የባንክ ሠራተኛ ነኝ። ቤት ሊሠሩ ያሰቡ ሰዎች ሲያወጉኝ የበሩን ብረት፣ ኮርኒሱን፣ የሳሎኑን ሴራሚክ በዝርዝር ያሰላሉ፤ ሽንት ቤቱን «ከተረፈ» ይሉታል። በእኛ ግቢ ዓምና አሮጌውን ስንቀይር የወጣው ገንዘብ ግን ለውጭ በሩ ካወጣነው ያነሰ ነበር። የሞላውን በአፈር ደፈንነው። አዲሱን ከውኃ ጉድጓዳችን ከ30 ሜትር በላይ አርቀን፣ በቁልቁለቱ በኩል አስቆፈርን። ወለሉ ኮንክሪት ነው፤ ከጉድጓዱ ወደ ላይ የሚወጣ ቱቦም አለው፤ ጫፉ ላይ ወንፊት ተወጥሮበታል። ቱቦው ሽታውን ወደ ላይ ይስባል። ቤቱ ጨለም ያለ ስለሆነ ጉድጓድ ውስጥ ያለች ዝንብ የቱቦውን ብርሃን ተከትላ ትወጣና ወንፊቱ ያስቀራታል። ይህ ብልሃት እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ፣ ዛሬ ዚምባብዌ በምትባለው አገር የተፈለሰፈ ነው፤ ለማንም ግንበኛ አይከብድም።

በ1911 ዓ.ም. ሕዝብ የፈጀውን የኅዳር በሽታ በማሰብ በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ግቢ ጠርገን ቆሻሻ እናቃጥላለን። በጎ ልማድ ነው። እንደ እኔ እምነት፣ በዚያው ቀን እያንዳንዱ አባወራና እማወራ የጓሮውን ጉድጓድ ጎንበስ ብሎ ሊያይ ይገባዋል። ዝናቡ አልፏል፤ መሬቱም ገና ለዶማ አልጠነከረም። ከሞላ ይቀየር፤ ርብራቡ ከተበላ ይታደስ።

ውድ አንባብያን፣ አዲስ ቤት ስንሠራ ጎረቤት «ቤት ለእንቦሳ!» ይለናል፤ እኛም «እንቦሳ እሰሩ!» ብለን እንመልሳለን። ለአዲስ ሽንት ቤት ይህን ያለ ጎረቤት ግን ሰምቼ አላውቅም። ከምርቃቱ የሚገለልበት ምክንያት አይታየኝም። ቡና ይፈላለት፤ ጎረቤት ይጠራለት። ጨለማ ከመጠበቅ የዳነች ሴት ከሳሎኑ አስቀድማ የምትመርቀው እሱን ነው።