የሊማሊሞ ዳገትና የመኪናው ቬንትሌተር

ከዛሪማ ቆላ ተነስቶ ወደ ደባርቅ ለሚወጣ መንገደኛ፣ በሊማሊሞ ጠመዝማዛ ላይ ኮፈኑን ከፍቶ የቆመ መኪና ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። እንፋሎቱ ይትጎለጎላል፤ ሾፌሩ ጄሪካን ይዞ ይጠብቃል፤ ረዳቱም ከጎማው ሥር ድንጋይ ያደርጋል። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን (ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.) ገደሉን ጠርበው ያወጡት ይህ መንገድ ሞተርን ከሺህ ሜትር በላይ ሽቅብ ያስወጣል።

ከዚያ በኋላ በየጋራዡ የሚሰማው መፍትሔ አንድ ነው፤ ቬንትሌተሩ ስለሚዘገይ ቶሎ እንዲነሳ ይደረግ ይባላል። ወይ በዝቅተኛ ሙቀት የሚነሳ ስዊች ይገጠማል፤ ወይም ሽቦው ከቁልፉ ጋር ዳይሬክት ይያያዝና ሞተሩ በተነሳ ቁጥር ቬንትሌተሩም ይዞራል። እኛ ግን ይህ መድኃኒት ብዙውን ጊዜ በሽታውን የሳተ ይመስለናል።

አሠራሩን እንመልከት። በሞተሩ ውስጥ የሚዘዋወረው ውሃ 82 ወይም 88 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ እስኪደርስ ድረስ ቴርሞስታቱ ወደ ራዲያተሩ አያሳልፈውም። ኤሌክትሪክ ቬንትሌተር ያላቸው አብዛኞቹ የቤት መኪናዎች ደግሞ ቬንትሌተሩን የሚያስነሱት ከ92 እስከ 98 ዲግሪ ባለው መካከል ነው። እንግዲህ መኪናው ያለማቋረጥ ረዥም ዳገት ሲወጣ፣ ጤነኛ ከሆነ፣ ቬንትሌተሩ ገና ከታች ተነስቷል። በ85 ዲግሪ ቢነሳ ጥቂት ደቂቃ ያተርፍ ይሆናል፤ የሚያነፍሰው አየር መጠን ግን ያው ነው። ከቧንቧ ውሃ የሚወርድበት በርሜል ሞልቶ እንዳይፈስ የሚያደርገው የማፍሰሻው ስፋት እንጂ ቀድሞ መከፈቱ አይደለም።

ከፍታውስ? ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ 2,850 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ ዳባትም ወደ 2,600 ሜትር ትጠጋለች። በባሕር ወለል 101 ኪሎፓስካል የሆነው የአየር ግፊት ደባርቅ ላይ ወደ 72 ይወርዳል፤ የአየሩም እፍጋት በሩብ ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ ቬንትሌተሩ በአንድ ዙር የሚገፋው አየር ቀሊል ነው። ብዙዎች እዚህ ላይ ቆመው፣ ራዲያተሩን ያደከመው የደጋው አየር ነው ብለው ይደመድማሉ። ነገር ግን ብርዱም ይቆጠር። በቆላው 35 ዲግሪ በሆነ ቀን በ95 ዲግሪ ውሃና በአየሩ መካከል ያለው ልዩነት 60 ነው፤ ደባርቅ ላይ አየሩ 15 ዲግሪ ቢሆን ልዩነቱ 80 ይሆናል። የ80 ሦስት አራተኛው ደግሞ 60 ነው። በግርድፉ ሲሰላ የአየሩን መሳሳት ብርዱ ያካክሰዋል ማለት ነው። እንዲያውም ቆላው ራሱ ከባሕር ወለል ከፍ ያለ በመሆኑ ሚዛኑ ወደ ደጋው ያደላል።

ተራራው በእርግጥ የሚነካው ሌላ ነገር ነው፤ የውሃውን የመፍያ ነጥብ። ደባርቅ ላይ በክፍት ድስት የተጣደ ውሃ 91 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ባቄላ እስኪበስል ስንት እንጨት እንደሚፈጅ የአካባቢው እናቶች የፊዚክስ መጽሐፍ ሳይከፍቱ ያውቁታል። ራዲያተር ግን ክፍት ድስት አይደለም። ክዳኑ ስፕሪንግ ያለው ቫልቭ ሲሆን፣ በላዩ ላይ 0.9 ወይም 1.1 የሚል ቁጥር ይጻፍበታል። 0.9 ማለት ከውጩ ግፊት በተጨማሪ 90 ኪሎፓስካል ያህል አምቆ ይይዛል ማለት ነው። ክዳኑ ጤነኛ ከሆነ ደባርቅ ላይ በውስጡ ያለው ግፊት 162 ኪሎፓስካል ይደርሳል፤ ንጹሕ ውሃ እንኳ እስከ 114 ዲግሪ አካባቢ ሳይፈላ ይቆያል። ጎማው የደረቀ ወይም ስፕሪንጉ የላላ ክዳን ያለው መኪና ግን በ91 ዲግሪ ይፈላል። ይህ ደግሞ ቬንትሌተሩ ሊነሳ ከሚገባው ሙቀት በታች ነው! ሾፌሩ ያየው እውነት ነው፤ ውሃው ሲፈላ ቬንትሌተሩ አልተነሳም ነበር። ጥፋቱ ግን የቬንትሌተሩ አልነበረም።

ቬንትሌተርን ማስቀደም ፈጽሞ አይገባም አንልም። ስዊቹ አርጅቶ በእርግጥ ከዘገየ ይለወጥ። ይሁን እንጂ የቬንትሌተሩ ሞተር 10 እና 20 አምፔር የሚስብ በመሆኑ፣ ያለ ሪሌና ያለ ፊውዝ በቀጭን ሽቦ ዳይሬክት ማያያዝ እሳት መጋበዝ ነው። ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣልማ ከዚህ ይብሳል፤ በስሜን ብርድ ማለዳ የተነሳ ሞተር ሳይሞቅ ስለሚሠራ ነዳጅ ያባክናል፣ ሲሊንደሩም ይበላል። (ቬንትሌተራቸው በቺንጋ ለሚዞር የጭነት መኪናዎች የስዊቹ ክርክር ከነአካቴው አይመለከታቸውም። እነርሱ ማርሽ ዝቅ ሲያደርጉ የሞተሩ ዙር ስለሚጨምር ቬንትሌተሩም የውሃው ፓምፕም ይፈጥናሉ።)

ጉዳዩን ከገንዘብ ኪሳራ በላይ የሚያደርገው በዳገቱ ላይ የሚፈጸመው ችኮላ ነው። የጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ሲደፋ ቴስታታው ይሰነጠቃል። ከዚህ የባሰው ግን ክዳኑን ወዲያው መክፈት ነው። በውስጡ 110 ዲግሪ የደረሰ 6 ሊትር ውሃ አለ እንበል። ክዳኑ ሲከፈት ግፊቱ በቅጽበት ወደ 72 ኪሎፓስካል ይወርድና ውሃው ከመፍያ ነጥቡ በ19 ዲግሪ በልጦ ይገኛል። ትርፉ ሙቀት አንድ ብርጭቆ ያህሉን ውሃ ወደ እንፋሎት ይለውጠዋል፤ ያ አንድ ብርጭቆም ከ400 ሊትር በላይ እንፋሎት ይሆናል። የቀረውን የፈላ ውሃ ይዞ የሚወጣው በከፋቹ ፊትና እጅ ላይ ነው። ሞተሩ ጠፍቶ፣ የራዲያተሩ የላይኛው ጎማ በእጅ ተይዞ እስከማያቃጥል ድረስ መጠበቅ ግማሽ ሰዓት ቢፈጅም ይፍጅ።

በደባርቅም ሆነ በዳባት ያሉ ጋራዦች ለስዊች ከሚያወጡት ገንዘብ ጥቂቱን ለክዳን መፈተሻ ቢያውሉት እንወዳለን። መሣሪያው ጌጅ ያለው የእጅ ፓምፕ ነው። ክዳኑን ገጥሞ መንፋትና መርፌው 0.9 ላይ ይቆም እንደሆነ ማየት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።