የገበሬ ማኅበር ለማን ነበረ?

በጋይንት የገበሬ ማኅበርን ስም ያነሣ ሰው ሁለት ዓይነት ወሬ ይሰማል፤ አንዱ መሬት ያገኘሁበት ነው ብሎ ሲያመሰግነው፣ ሌላው ልጄን ለጦር ሜዳ የመዘገበብኝ ነው እያለ ያማርረዋል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 31 የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሆነ፤ ቢያንስ 20 ጋሻ፣ ማለትም 800 ሄክታር በሚሆን ቦታ ላይም አንድ የገበሬ ማኅበር እንዲቋቋም ተደነገገ። ማኅበሩን ለማደራጀት የወጡት በዕድሜ ከእኛ ብዙ የማይበልጡ ተማሪዎች ነበሩ፤ በእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ዘምተዋል። በደቡብ ጭሰኛው ከባለመሬቱ እጅ ሲወጣ፣ በእኛ በበጌምድርና ስሜን ግን አብዛኛው መሬት ርስት ስለ ነበረ፣ አዋጁ ገበሬው የያዘውን እንዲያርስ ፈቀደለት። እንግዲህ በዚህ አገር የማኅበሩ ትልቁ ሥራ መሬቱን ማልማት ሊሆን በተገባው ነበር።

ነገር ግን ብዙም ሳይቆይ ግብር ሰብሳቢ፣ በመንግሥት ዋጋ የሚሸጠውን የእህል ኮታ አስረካቢ፣ ኋላም ወታደር መልማይ ተደረገ። የአራሹ ማኅበር መሆኑ ቀርቶ የመንግሥት መልእክተኛ ሆነ።

ከ1977ቱ ድርቅ ወዲህ በብዙ ተራራ ላይ በስንዴና በዘይት ክፍያ እርከን ተሠርቶ ነበር። በ1982 ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅና በ1983 መንግሥት ሲለወጥ ብዙው ፈረሰ፣ ዛፉም ተቆረጠ። ይህን የገበሬ አላዋቂነት ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ በበኩሌ አልስማማም። ለስንዴ የተሠራ እርከን ስንዴው ሲያልቅ ባለቤት አልነበረውም። ወንፈል ግን በዚያም ዘመን አልፈረሰም፤ ዛሬ ለጎረቤቱ ያረሰ ነገ ተራው እንደሚደርሰው ያውቃልና። (ወንፈል ሊቀ መንበር እንደሌለውም ልብ ይሏል።) አፈሩ ግን ክረምት በመጣ ቁጥር ከጉና ወገብ ተነሥቶ በርብና በጉማራ ወደ ጣና ይወርዳል።

ዛሬ የኅብረት ሥራ ማኅበራት አሉን። የ1991ዱ አዋጅ ቁጥር 147 አባልነት በፈቃድ፣ ድምፅም ለእያንዳንዱ አባል አንድ እንዲሆን ደንግጓል፤ በ2009 የተተካበት አዋጅም ይህንኑ አጽንቷል። ይሁንና ማኅበሩ ማዳበሪያ ከማከፋፈል ካላለፈ ያው የመልእክተኛ ሥራ ነው። ድንቻችን በአጨዳ ሰሞን በርካሽ እየተሸጠ፣ የማኅበሩ ገንዘብ ለድንች ማከማቻ ይዋል ወይስ ለሌላ ብሎ የሚወስነው አባሉ መሆን አለበት። ለመወሰንም ሒሳቡን ማወቅ ያሻዋል። ብዙ አባቶቻችን ማንበብ ስለማይችሉ፣ ሒሳቡን በበዓል ቀን ሕዝቡ በተሰበሰበበት እኛ ተማሪዎች ልናነብላቸው እንችላለን፤ ከየቀበሌው ሁለት ሁለት ተማሪ ቢመደብ ይበቃል።