በማክስ ጉዳይ በወንጀል ችሎት የቆመው አንድ ፓይለት ብቻ ነው

የአሜሪካ ፍርድ ቤት በቦይንግ ላይ የነበረውን የወንጀል ክስ በጥቅምት 2018 ዓ.ም ዘግቶታል። ዳኛው ራሳቸው ስምምነቱ የሕዝብን ጥቅም ያስጠብቃል ብለው እንደማያምኑ፣ ግን ለማገድ ሥልጣን እንደሌላቸው ገልጸዋል። ታዲያ ለ346 ሰው ሞት ከላይ የተቀመጠው ሰው ምን ከፈለ?

ለማስታወስ ያህል፦ ጥቅምት 19/2011 የላየን ኤር አውሮፕላን ኢንዶኔዢያ ባሕር ላይ ወደቀ፣ 189 ሰው ሞተ። መጋቢት 1/2011 የእኛው ኢቲ 302 ከቦሌ በተነሳ በ6 ደቂቃ ቢሾፍቱ አቅራቢያ ተከሰከሰ፣ 157 ሰው። ሁለቱም ላይ ኤምካስ የሚባለው ሲስተም ከአንድ ሴንሰር ብቻ የመጣለትን የተሳሳተ መረጃ አምኖ የአውሮፕላኑን አፍንጫ ወደ ታች ገፋው። አብዛኞቹ ፓይለቶች ኤምካስ የሚባል ነገር መኖሩን የሰሙት ከመጀመሪያው አደጋ በኋላ ነው።

የአሜሪካ ኮንግረስ ኮሚቴ ምርመራ ያወጣውን ደግሞ እዩት። ማክስን ለማብረር የሲሙሌተር ስልጠና ግድ ከሆነ ቦይንግ ለሳውዝዌስት አየር መንገድ በአንድ አውሮፕላን 1 ሚሊዮን ዶላር ሊቀንስለት ቃል ገብቶ ነበር። እንዲህ ዓይነቱን ውል ታች ያለ ኢንጂነር አይፈርምም። ከተፈረመ በኋላ ግን ታች ያለው ሁሉ ምን እንደሚጠበቅበት ይገባዋል፦ ስልጠና የሚያስመጣ ነገር እንዳይነሳ።

የተከሰሰው ማን ሆነ? ተቆጣጣሪውን ኤፍኤኤን አሳስቷል የተባለ አንድ የቴክኒክ ፓይለት። እሱንም የቴክሳስ ጁሪ በመጋቢት 2014 ነፃ አለው። ዋና ሥራ አስፈፃሚው ዴኒስ ሙለንበርግ በታኅሣሥ 2012 ሲባረር 62 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የሚያወጣ አክሲዮንና ጡረታ ይዞ ነው የወጣው። በኋላ ጥፋቱን ሳያምንም ሳይክድም 1 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ፣ ባለሀብቶችን አሳስተሃል ተብሎ። ልብ በሉ፣ ባለሀብቶችን። ተሳፋሪዎችን አይደለም።

የአቪዬሽን ሕግ ለዚህ መልስ አለው። ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት (አይካኦ) ባወጣው አሠራር ለደህንነት የመጨረሻ ተጠያቂ የሚሆን አንድ ሰው ተለይቶ ይታወቃል። ይህ ሰው የደህንነት ክፍል ኃላፊው ሳይሆን በጀቱን የሚያዘው ነው። ሥራውን ለሌላ ማካፈል ይችላል፣ ተጠያቂነቱን ግን አይችልም። የአሜሪካ አየር መንገዶች ቀድሞም ይህ ግዴታ ነበረባቸው። እንደ ቦይንግ ያሉ አምራቾች እንዲገቡበት የተወሰነው ግን በ2016 ነው፤ ኢቲ 302 ከወደቀ 5 ዓመት አልፎ!

ክሱን ባዘጋው ስምምነት ቦይንግ ለቤተሰቦች ካሳ፣ ለቅጣትና ለደህንነት ሥራ ከ1.1 ቢሊዮን ዶላር በላይ ያወጣል። ገንዘቡ የኩባንያው ነው፣ ከማንም አለቃ ኪስ አይወጣም።