ቀመር የሚያውቅ ሞልቷል፤ «እዚህ ላይ አይሠራም» የሚል ግን የታለ?

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ፈቀደ። እስከዚያ ድረስ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን ተሻገረ።

እስቲ አስቡት። ከዚያ ቀን አንድ ወር ቀደም ብሎ አንድ ጎበዝ የስታትስቲክስ ምሩቅ የአምስት ዓመት የባንክ ምንዛሪ ዋጋ ኮምፒውተር ላይ ጭኖ «ብር በአንድ ወር ውስጥ ቢበዛ ምን ያህል ሊወድቅ ይችላል?» ብሎ ቢያሰላ ምን ያገኝ ነበር? ጥቂት በመቶ። ቁጥሮቹ ትክክለኛ ናቸው፤ ቀመሩም እንከን የለውም። ያንን መልስ አምኖ የዶላር ዕዳ ውስጥ የገባ አስመጪ ግን ጉድ ይሆን ነበር።

ምክንያቱ ቀላል ነው። የባንኩ ዋጋ ገበያ የወሰነው ሳይሆን በመንግሥት ውሳኔ ቀስ እያለ የሚንቀሳቀስ ዋጋ ነበር። እውነተኛው ግፊት የሚታየው ዶላር እጥፍ ገደማ በሚሸጥበት በጥቁር ገበያው ነው። ይህን ለማወቅ ከፍተኛ ሒሳብ አያስፈልግም፤ መርካቶ ዕቃ የሚያመጣ ነጋዴ ሁሉ ያውቀዋል። ውሃ እያሳሳቀ እንደሚወስድ ሁሉ ጸጥ ያለ ቁጥርም እንዲሁ ነው።

ይህ ምሳሌ ብዙ የሒሳብ፣ የፊዚክስና የኢንጂነሪንግ ምሩቃን ለሚያነሱት ጥያቄ መልስ አለው። ጥያቄው «ኳንት ለመሆን ምን ያስፈልጋል?» የሚል ነው። ኳንት የሚባለው በባንክና በኢንቨስትመንት ድርጅቶች ውስጥ የብድርን፣ የቦንድን፣ የአክሲዮንንና የምንዛሪን ዋጋና አደጋ በሒሳብ የሚያሰላ ባለሙያ ነው። ጥያቄው ዛሬ የሩቅ ሀገር ወሬ አይደለም። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ሥራ መጀመሩ ታውጇል። የውጭ ባንኮች እንዲገቡ የሚፈቅድ አዋጅም ጸድቋል። ያለ መያዣ በስልክ ብቻ የሚሰጥ አነስተኛ ብድር ደግሞ የዕለት ተዕለት ነገር ሆኗል። ከእነዚህ ሁሉ ጀርባ የሚያሰላ ሰው አለ፤ ወይም ሊኖር ይገባል።

የተለመደው መልስ ዝርዝር ነው፦ ፕሮባብሊቲ፣ ስታትስቲክስ፣ ሊኒየር አልጀብራ፣ ካልኩለስ፣ ፓይተን፣ ሲ ፕላስ ፕላስ። ዝርዝሩ ትክክል ነው። ከመጠምጠም መማር ይቅደም እንደሚባለው እነዚህን ሳይዙ «ኳንት ነኝ» ማለት አይቻልም። ነገር ግን የዚህን ሙያ ታላላቅ ውድቀቶች የመረመረ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል። ጥፋቱ የደረሰው ሒሳብ በማያውቁ ሰዎች አይደለም።

ሎንግ ተርም ካፒታል ማኔጅመንት የተባለውን የአሜሪካ የኢንቨስትመንት ድርጅት እንውሰድ። በ1994 እ.ኤ.አ. ሥራ ሲጀምር ከባለድርሻዎቹ መካከል ማይረን ሾልስና ሮበርት መርተን ነበሩ። ሁለቱም በ1997 እ.ኤ.አ. የኢኮኖሚክስ ኖቤል ሽልማት ወሰዱ። የተሸለሙትም እንዲህ ያለውን ስሌት በማዳበራቸው ነው። ድርጅቱ ከ5 ቢሊዮን ዶላር በማይበልጥ የራሱ ካፒታል ላይ ከ100 ቢሊዮን ዶላር በላይ ተበድሮ ይሠራ ነበር። በቀጣዩ ዓመት በነሐሴ ወር ሩሲያ የሩብልን ዋጋ አውርዳ የሀገር ውስጥ ዕዳዋን መክፈል አቆመች። ቀመሩ «በአንድ ጊዜ አይወድቁም» ያላቸው ገበያዎች ተያይዘው ወደቁ። በወራት ውስጥ ከ4 ቢሊዮን ዶላር በላይ ጠፋ። በኒውዮርክ ፌዴራል ሪዘርቭ አስተባባሪነት 14 የፋይናንስ ተቋማት 3.6 ቢሊዮን ዶላር አዋጥተው ድርጅቱን ባያነሱት ኖሮ መዘዙ ለሌላውም ይተርፍ ነበር።

ሌላው ትምህርት የመጣው በ2012 እ.ኤ.አ. ነው። ጄፒ ሞርጋን የተባለው ግዙፍ ባንክ በለንደን ቢሮው በኩል ከ6 ቢሊዮን ዶላር በላይ ከሰረ። ባንኩ ራሱ ያወጣው የምርመራ ሪፖርት አንድ አሳፋሪ ነገር አጋለጠ። አደጋውን ለመለካት የተሠራው አዲስ ሞዴል በኤክሴል፣ በእጅ ቁጥር እየተገለበጠ የሚሠራ ነበር። በአማካይ መካፈል የነበረበት ስሌት ደግሞ በድምር ተካፍሎ ተገኘ። በዚህ የተነሳ አደጋው ከእውነተኛው አንሶ ታየ። ስህተቱን ለማግኘት የዶክትሬት ዲግሪ አያስፈልግም ነበር። የሚያስፈልገው «ይህ ቁጥር ለምን በድንገት አማረ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ነበር። ያማረ ቁጥር ግን ለሁሉም ይመቻል፤ ስለዚህ ጠያቂው ይጠፋል።

እንግዲህ ከዝርዝሩ የጎደሉት ሦስት ነገሮች እነዚህ ናቸው።

የመጀመሪያው የቁጥሩን ምንጭ መጠየቅ ነው። አንድ ሥጋ ቤት በስልክ የሚሸጠውን ሒሳብ አይቶ ብድር የሚወስን ሞዴል ይኑር እንበል። በዐቢይ ጾም 55 ቀን የሥጋ ቤቱ ገቢ ይወርዳል። ጾም የሚባል ነገር የማያውቅ ሞዴል ባለቤቱን «እየከሰረ ያለ ሰው» ብሎ ይመዘግበዋል። ለፋሲካ በሬ መግዣ ብድር በሚፈልግበት ሰዓትም ይከለክለዋል። በሌላ ሀገር መረጃ የሠለጠነ ቀመር ይዞ ለሚመጣ ባንክ ይህን የሚነግረው ያገሩን ኑሮ የሚያውቅ ባለሙያ ብቻ ነው።

ሁለተኛው በሰው ቋንቋ መናገር ነው። የባንክ ቦርድ አባላት ብዙዎቹ ቀመር አያነቡም። የተነገራቸው ሳይገባቸው «ይሁን» ብለው ከፈረሙ ጥፋቱ የፈራሚዎቹ ብቻ አይደለም፤ ያላስረዳውም ባለሙያ ተጠያቂ ነው።

ሦስተኛው ድፍረት ነው። አለቃው ብድሩ እንዲጸድቅ ሲፈልግ፣ ቦነስም ከዚያ ጋር ሲያያዝ «ቀመሩ እዚህ ላይ አይሠራም» ማለት ዋጋ ያስከፍላል። ሙያው ራሱ ይህን ያውቃል። ከ2008ቱ የፋይናንስ ቀውስ በኋላ፣ በ2009 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ፣ ኢማኑኤል ደርማንና ፖል ዊልሞት የተባሉ ስመ ጥር ኳንቶች ለሙያ ባልደረቦቻቸው ሐኪሞች እንደሚገቡት ዓይነት ቃለ መሐላ ጽፈው አቅርበዋል። መሐላው በዋናነት የሚናገረው ስለ ትሕትና ነው።

«ገበያው ገና ጨቅላ ነው፤ ኳንት ምን ይሠራል?» የሚሉ አሉ። ነገሩ ግን ተገላቢጦሽ ነው። ኒውዮርክ ውስጥ የመቶ ዓመት መረጃ አለ፤ ያም ሆኖ አዋቂዎቹ ተሳስተዋል። እዚህ የገበያ ምንዛሪ ዋጋው ዕድሜ ገና በጥቂት ዓመታት የሚቆጠር ነው፤ የአክሲዮን ገበያውም እንደዚያው። መረጃ ሲያንስ የሰው ማስተዋል የበለጠ ያስፈልጋል እንጂ አያንስም።

ይህ የወጣቱ የብቻው ሸክም ሊሆንም አይገባም። ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪው ቀመሩን ሲፈታ ብቻ ሳይሆን ቀመሩ የት እንደሚሰበር ሲያሳይ ነጥብ ሊሰጡት ይገባል። ባንኮችም የአደጋ ተንታኛቸው ብድር ሻጩን ሳይለማመጥ በቀጥታ ለቦርዱ የሚናገርበት በር ሊከፍቱለት ይገባል። ያ በር በሌለበት ደፋር መቅጠር ደፋሩን ማባረሪያ ቀን መቁጠር ነው።

ምክንያቱም የሚሰላው ገንዘብ የማንም አይደለም የሚባል ገንዘብ አይደለም። እናት ከዕቁብ አውጥታ ባንክ ያስቀመጠችው፣ ከአረብ ሀገር በቤት ሠራተኝነት ተለፍቶ የተላከ ገንዘብ ነው። ይህን የሚያስታውስ ኳንት ፓይተኑን በስድስት ወር ይማረዋል። ፓይተኑን ብቻ ለሚያውቀው ግን ይህን የሚያስተምረው አጭር ኮርስ የለም።