የተቃጠለ ዘይት ወዴት ይሂድ?

በሳሪስ የሚኖር ሰው ስለ መኪና ለማወቅ የግድ መኪና ሊኖረው አያስፈልግም። ከአደይ አበባ አንሥቶ እስከ አቦ፣ ከዚያም ወደ ቃሊቲ ሲወርዱ፣ በደብረ ዘይት መንገድ ግራና ቀኝ ጋራዡ፣ የመለዋወጫ ሱቁ፣ ጎሚስታውና የነዳጅ ማደያው ተራ በተራ ይታያል። ወደ ትምህርት ቤት ስንመላለስ ጫማችን ላይ የሚለጠፈውን ጥቁር ነገር እናቶቻችን አሳምረው ያውቁታል፤ በሳሙና ቢታሽም በቀላሉ አይለቅምና። እኔም በዚህ ዓመት መጽሔታችን ላይ ስለዚሁ ጥቁር ነገር አሳቤን ለመግለጽ ፈልጌአለሁ።

ስሙን ስንጠራው «የተቃጠለ ዘይት» እንላለን። እንደ እኔ አስተያየት ብዙው ጥፋት የሚጀምረው ከዚህ ስም ነው። የተቃጠለ ሲባል አመድ የሆነ፣ ያለቀለት፣ ቢደፋም የማያስቈጭ ነገር ይመስላል። ነገር ግን ዘይቱ አልተቃጠለም። በሞተር ውስጥ ሲያገለግል የሚደክመው በፋብሪካ የተጨመረበት ቅመም ነው እንጂ ዘይቱ ራሱ አይደለም። ጥቀርሻ፣ ውሃ፣ የነዳጅ ርዝራዥና ብረት ከብረት ሲፋተግ የሚወጣው ብናኝ ስለሚቀላቀልበት ይጠቁራል። እንግዲህ ቆሸሸ እንጂ አላለቀም፤ የቆሸሸ ነገር ደግሞ ይጠራል። ይህን ሥራ በሚሠሩ የውጭ አገር ፋብሪካዎች በመጀመሪያ ውሃውና ነዳጁ በሙቀት እንዲተን ይደረጋል፤ ቀጥሎ ዘይቱ አየሩ በተመጠጠ ዕቃ ውስጥ ተንኖ ከጥቀርሻውና ከብረቱ ይለያል፤ በመጨረሻም አዲስ ቅመም ተጨምሮበት ወደ ገበያ ይመለሳል። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት እንደሚለው ከ2 ሊትር ተኩል ጥቂት ያነሰ የሞተር ዘይት ለማግኘት 159 ሊትር ያህል ድፍድፍ ነዳጅ ያስፈልጋል፤ ይህንኑ ያህል ግን 4 ሊትር ከማይሞላ አሮጌ ዘይት ማውጣት ይቻላል። ነዳጇን በውጭ ምንዛሪ ለምትገዛ አገር ይህ ቀላል ቍጥር አይደለም።

ሐቁን ለመናገር በሰፈራችን አሮጌ ዘይት ሁሉ አይደፋም፤ ገዢ አለው። ቤት የሚሠራ ሰው ምስጥ እንዳይበላበት ምሰሶውን ይቀባበታል። ኮንክሪት የሚሞሉ ሠራተኞች ሣንቃው በቀላሉ እንዲላቀቅላቸው ይለቀልቁታል። ለማገዶ የሚወስደውም አለ፤ አቧራ ያስቀምጥልኛል ብሎ ደጁ ላይ የሚያርከፈክፈውም አለ። ንብረት አለማባከን የአባቶቻችን ልማድ ስለ ሆነ ይህን ሁሉ በጅምላ ለመንቀፍ አልደፍርም። ዳሩ ግን ምሰሶ ላይ የተቀባው በክረምት ዝናብ ታጥቦ አፈር ይገባል፤ በተራ ምድጃ የነደደውም በውስጡ ያለውን ብረት ከጢሱ ጋር ለሰው ሳንባ ያስረክባል።

በተለይ አቧራ ለማስቀመጥ ዘይት የሚያፈስሱ ሰዎች ታይምስ ቢች ስለምትባል ከተማ ቢሰሙ መልካም ነው። ይህች ትንሽ ከተማ በአሜሪካ በሚዙሪ ክፍለ ሀገር የነበረች ናት። በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የመንገዶቿን አቧራ እንዲያበርድላት አሮጌ ዘይት የሚረጭ ሰው ቀጠረች። በዘይቱ ውስጥ ግን ከኬሚካል ፋብሪካ የወጣ፣ ዳዮክሲን የሚባል ብርቱ መርዝ ተቀላቅሎ ኖሯል። ነገሩ ከታወቀ በኋላ በ1983 (እ.ኤ.አ.) መንግሥት ከተማዋን ለመግዛት ወሰነ፤ ከሁለት ሺሕ የሚበልጡት ነዋሪዎቿም ቤታቸውን ጥለው ወጡ። መርዙ ከመኪና ሞተር የመጣ አልነበረም። ነገር ግን ጥቁር ዘይት ውስጥ ምን እንደ ተቀላቀለ በዐይን አይታይም፤ የእኛም ዘይት እንደዚያው ጥቁር ነው።

የሚደፋው ዘይትስ? እርሱማ በቦዩ ወርዶ ወደ አቃቂ ወንዞች ይሄዳል። ሁለቱ ወንዞች፣ ትንሹ አቃቂና ትልቁ አቃቂ፣ አባ ሳሙኤል ግድብ ላይ ይገናኙና ወደ አዋሽ ይወርዳሉ። ከእኛ በታች በወንዞቹ ዳር ሰላጣው፣ ቆስጣውና ጎመኑ በዚሁ ውሃ ይጠጣል፤ ተመልሶም ወደ ገበያችን ይመጣል። አዋሽ ደግሞ እንደ ዐባይ ባሕር የሚገባ ወንዝ አይደለም፤ አፋር ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ የጣልነው ነገር ከአገር አይወጣም። በሌላ በኩል አዲስ አበባ ከምትጠጣው ውሃ ቀላል የማይባለው ክፍል ከአቃቂ የከርሰ ምድር ጕድጓዶች የሚሳብ ነው። በዚያ ያለው መሬት የተሰነጣጠቀ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ስለ ሆነ ከላይ የፈሰሰውን ወደ ታች ያሳልፋል። ከላይ የጠቀስኩት የአሜሪካ መሥሪያ ቤት ከአንድ የመኪና ሞተር በአንድ ጊዜ የተቀየረ ዘይት አንድ ሚሊዮን ጋሎን፣ ማለትም 3.8 ሚሊዮን ሊትር ያህል የመጠጥ ውሃ ሊያበላሽ እንደሚችል ያስጠነቅቃል። ይህ ከአንዲት ትንሽ መኪና የወጣው ነው፤ ከባዱ የጭነት መኪና በአንድ ቅያሪ ከ20 ሊትር በላይ እንደሚያወጣ ልብ ይሏል።

አጎቴ በዚሁ በሳሪስ ጋራዥ አላቸው። ይህን ሁሉ በአንድ እሑድ ስዘረዝርላቸው በትዕግሥት ሰሙኝና፣ «መጥፎ መሆኑንማ ከአንተ በፊት እጄ ያውቀዋል» አሉኝ። «እሺ የኔ ልጅ፣ አልድፋው፤ ለጀሪካን ለቃሚውም አልሽጠው። ታዲያ ለማን ልስጠው?»

ይህ ጥያቄ ተገቢ ነው። ሕግ የለም እንዳይባል የአካባቢ ብክለት መቆጣጠሪያ አዋጅ ቍጥር 300 በ1995 ዓ.ም.፣ የአደገኛ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ አዋጅ ቍጥር 1090 ደግሞ በ2010 ዓ.ም. ወጥተዋል። አገራችን እ.ኤ.አ. በ2000 የገባችበት የባዝል ስምምነትም ያገለገለ የማዕድን ዘይትን መቈጣጠር ከሚገባቸው ቆሻሻዎች ጋር ይቈጥረዋል። ነገር ግን አዋጅ «አትድፋ» ሲል መካኒኩ ዘይቱን ይዞ የሚሄድበት በር ከሌለ ከፍርሃት በቀር ምን ይጨምርለታል? ብዙ ሰዎች ጥፋቱን ጋራዥ ላይ ብቻ ሲጭኑ እሰማለሁ። እኔ በዚህ አልስማማም። ጋራዡ የመንገዱ ማለቂያ ነው፤ መጠየቅ ያለበት መጀመሪያው ነው።

እኔ የማቀርበው አሳብ ይህ ነው፦ አዲሱን ዘይት የሸጠ አሮጌውን ይረከብ። በጀርመን አገር ሕጉ የዘይት ነጋዴ የሸጠውን ያህል አሮጌ ዘይት ያለ ክፍያ እንዲቀበል ያስገድዳል። ይህ ለእኛም እንግዳ ልማድ አይደለም። የለስላሳ መጠጥ ልንገዛ ስንላክ ባዶ ጠርሙስ ካልያዝን ባለሱቁ መያዣ ገንዘብ ይጠይቀን የለምን? ጠርሙሱ በየመንገዱ ሳይጣል የሚኖረው ሁሉም ሰው ጨዋ ስለ ሆነ ሳይሆን የሚመለስበት ቦታና የሚያስመልስ ዋጋ ስላለው ነው። በአንድ ሊትር አዲስ ዘይት ላይ ጥቂት ብር መያዣ ቢጨመርና አሮጌውን ለመለሰ ቢከፈል፣ ለቃሚውም ጭምር ጀሪካኑን ወደ ማደያው ይዞ ይመጣል፤ እንጀራውንም አያጣም። የተሰበሰበው ዘይት የማጣሪያ ፋብሪካ እስኪቋቋም ድረስ ለሲሚንቶ ፋብሪካዎች ሊሰጥ ይችላል። የሲሚንቶ ምድጃ ሙቀቱ ከ1,400 ዲግሪ በላይ ስለሚደርስ ዘይቱን አሟጦ ያቃጥለዋል፤ ብረቱም አብዛኛው ከሚጋገረው ድንጋይ ጋር ተዋሕዶ ይቀራል። ሙከራው ከሳሪስ ቢጀመር እወዳለሁ፤ ሻጩም ጋራዡም እዚሁ በአንድ መንገድ ላይ ናቸውና።

አንዳንድ ጓደኞቼ የኤሌክትሪክ መኪና ስለ መጣ ነገሩ በራሱ ጊዜ ያልቃል ይሉኛል። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት የነዳጅ የቤት መኪኖች ከውጭ እንዳይገቡ መከልከሉ እውነት ነው፤ የኤሌክትሪክ መኪናም የሞተር ዘይት አይፈልግም። ነገር ግን ገልባጩና ተሳቢው ገና በናፍጣ ነው የሚሄደው፤ የገልባጩን ጀርባ የሚያነሣውም የሃይድሮሊክ ዘይት ነው። በቤት ያሉት አሮጌ መኪኖችም ነገ ጠዋት አይጠፉም።

እስከዚያው ግን በየጋራዡ ዛሬውኑ ሊደረግ የሚችል አንድ ነገር አለ። የሞተር፣ የካምቢዮና የሃይድሮሊክ ዘይት በአንድ በርሜል ቢጠራቀም ማጣሪያው ይቀበለዋል። ፍሬን ዘይት ግን ዘይት ይባል እንጂ አብዛኛውን ጊዜ ከሞተር ዘይት ጋር ዝምድና የለውም፤ እርሱና ቤንዚን፣ የራዲያተርም ውሃ ከገቡበት በርሜሉን ሙሉ ለማጣሪያ የማይሆን ያደርጉታል። ስለዚህ ሁለት በርሜል ያስፈልጋል፤ ሁለቱም ክዳን ያላቸው፣ በሲሚንቶ ወለል ላይ የቆሙ፣ ዝናብ የማይደርስባቸው። አጎቴ ለሁለተኛው በርሜል ከመጋዘኑ ጥግ ቦታ አስለቅቀዋል፤ የመጀመሪያው ሲሞላ የሚረከባቸውን ማደያ ግን ገና እየፈለጉ ናቸው።