ማሳሰቢያ፦ ዓሣ ለምትበሉ፣ ፌስታል ለምትጥሉ

ዓሣ መብላት ተዉ ልላችሁ አይደለም። ቀድሞውንም የምንበላው ጥቂት ነው፤ በነፍስ ወከፍ ሲሰላ በዓመት አንድ ኪሎ እንኳ አይሞላም። ማሳሰቢያው ዓሣው የሚኖርበትን ውሃ ይመለከታል። በተለይ ወደዚያ ውሃ በየቀኑ የምንሰደውን ፌስታል፣ ሃይላንድ፣ ያረጀ የእህል ማዳበሪያና የናይሎን ክር። እነዚህ ነገሮች ከዓይናችን ከተሰወሩ በኋላ ወዴት እንደሚሄዱ አሁን በጥናት ታውቋል። ከሚደርሱባቸው ቦታዎች አንዱ የዓሣ ሆድ ነው።

ፕላስቲክ ይበጣጠሳል እንጂ አይበሰብስም። ሜዳ ላይ የተጣለ ፌስታል ፀሐይ ሲመታው ሰንብቶ ይገረጣል፣ ይደርቃል፣ በመጨረሻም በእጅ ሲነኩት እንደ ደረቅ ቅጠል ይፈረፈራል። ያኔ ሰው «ጠፋ» ይላል። አልጠፋም፤ በዝቶ ነው። አንዱ ፌስታል ሺህ ስብርባሪ ሆኗል። ከ5 ሚሊ ሜትር በታች ያለውን ስብርባሪ ሳይንቲስቶች ማይክሮፕላስቲክ ይሉታል። ጉዳዩ በዓለም ዘንድ የገነነው እ.ኤ.አ. በ2004 የእንግሊዙ የፕሊመዝ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ሪቻርድ ቶምፕሰንና ባልደረቦቹ ጥናታቸውን ካወጡ ወዲህ ነው። ያን ጊዜ ወሬው ሁሉ ስለ ውቅያኖስ ነበር፤ የባሕር በር የሌለው አገር ሰው የሌላው ችግር ቢመስለው አይፈረድበትም።

ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። ካርታውን ዘርግታችሁ ተመልከቱ። ከእንጦጦ ሥር የሚነሱት ቀበናና ግንፍሌ አዲስ አበባን አቋርጠው ወደ አቃቂ ይገባሉ። ትልቁና ትንሹ አቃቂ አባ ሳሙኤል ላይ ይገናኛሉ። ከዚያ አዋሽ ይቀበላቸውና ወደ ቆቃ ይወስዳቸዋል። አዋሽ ደግሞ ባሕር አይደርስም፤ አፋር በረሃ ውስጥ፣ ጅቡቲ ጠረፍ ላይ፣ አቤ ሐይቅ ገብቶ ይቀራል። ዝዋይ ከመቂና ከከታር ወንዞች የተቀበለውን በቡልቡላ በኩል ለአብያታ ይሰጣል፤ አብያታ መውጫ የለውም። ሐዋሳም እንዲሁ ነው፤ ጥቁር ውሃ ይገባበታል እንጂ ከእሱ የሚወጣ ወንዝ የለም። ባሕር ያለው አገር ቆሻሻውን ባሕሩ ይወስድለታል፤ ነውሩ እንዳለ ሆኖ። በስምጥ ሸለቆ የሚወሰድለት የለም። መርካቶ አካባቢ ቦይ ውስጥ የተጣለ ፌስታል መንገዱ ከቀናው መድረሻው ቆቃ ነው።

ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ይባላል። ዝዋይ ላይ የጎረጎሩት ኢትዮጵያውያንና የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች ያወጡት ግን ፕላስቲክ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 ባሳተሙት ጥናት ከሐይቁ አራት ዓይነት ዓሦች አጥምደው ሆዳቸውን መረመሩ፤ ቆሮሶ፣ አምባዛ፣ እንዲሁም ሁለት የካርፕ ዘመዶች። ከመረመሯቸው ዓሦች 35 በመቶው ፕላስቲክ ውጠው ተገኙ። የሚበዛው ስብርባሪና ክር ነበር።

ከቁጥሩ ይልቅ እኔን የገረመኝ የትኛው ዓሣ ምን ያህል እንደዋጠ ነው። ቆሮሶ አብዛኛውን ጊዜ ውሃው ውስጥ የሚንሳፈፈውን ደቃቅ አልጌ እያጣራ ይበላል፤ ከሌሎቹ ያነሰ ፕላስቲክ የተገኘበትም እሱ ነው። ካርፕ ግን አፉን ጭቃ ውስጥ ሰክቶ ይቆፍራል። አምባዛም ከሥር እየዳሰሰ ያገኘውን ሁሉ ይውጣል፣ ትንንሽ ዓሦችንም ሳይቀር። ፕላስቲኩ ደግሞ የሚከማቸው ከሥር ነው። ፌስታል ሲጣል ይንሳፈፋል፤ አልጌና ደለል ሲለብሰው ግን ይከብድና ይሰምጣል። ስለዚህ ሐይቁን ከላይ አይታችሁ «ንጹሕ ነው» ብትሉ አትታመኑ፤ ጭቃውን የሚያውቀው አምባዛ ነው። ተመራማሪዎቹ ትልልቆቹ አምባዛዎች ከትንንሾቹ የበለጠ ክብደት ያለው ፕላስቲክ ተሸክመው እንዳገኙም ጽፈዋል።

ዝዋይ ብቻውን አይደለም። በዚያው በ2020 በካይሮ ከዓሣ ሻጮች የተገዙ የናይል ቆሮሶና አምባዛ ዓሦች ሲመረመሩ ከአራቱ ከሦስቱ በላይ በሆዳቸው ማይክሮፕላስቲክ ተገኝቶባቸዋል። ከዚያ አራት ዓመት ቀደም ብሎ ታንዛኒያ ውስጥ ከቪክቶሪያ ሐይቅ ዳር ከምዋንዛ ገበያ ከተገዙት ቆሮሶና ናይል ፐርች ከአምስቱ አንዱ እንዲሁ ሆኖ ተገኝቷል።

አሁን ስለ ክረምት። ከዝዋዩ ጥናት ልብ ልትሉት የሚገባ አንድ ነገር አለ፤ ሁለቱ ካርፖች በዝናብ ወቅት ሲጠመዱ በበጋ ከተጠመዱት የበለጠ ፕላስቲክ ነበራቸው። ምክንያቱን ለመገመት ሊቅ መሆን አያስፈልግም። በጋውን ሙሉ በየቦዩና በየገደሉ የተከማቸውን ጎርፍ በአንድ ሌሊት ጠራርጎ ያወርደዋል። በእንግሊዝ ማንቸስተር አካባቢ ባሉ ወንዞች የተደረገ ጥናትም ይህንኑ በቁጥር አሳይቷል፤ ከከባድ ጎርፍ በፊትና በኋላ የወንዞቹ አልጋ ሲለካ፣ በአልጋው ከነበረው ማይክሮፕላስቲክ 70 በመቶ ያህሉን ጎርፉ ወስዶት ነበር። የእነሱ ወንዝ ባሕር አለው። የእኛው ጎርፍ የሚያወርደው ወደ ቆቃና ወደ ዝዋይ ነው።

ሁሉም ከፌስታል አይመጣም። ሰልባጅ ተራ የሚሸጠውን ልብስ ምልክቱን አንብቡ፤ ብዙው ፖሊስተር ነው፣ ማለትም ፕላስቲክ። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ ጥናት አንድ የፖሊስተር ልብስ በአንድ አጠባ ብቻ ከ1,900 በላይ ክሮች ሊጥል እንደሚችል አሳይቷል። ወንዝ ዳር ድንጋይ ላይ እየተፈተገ የሚታጠበው ልብስ ክሩን የሚሰጠው በቀጥታ ለወንዙ ነው። ጎማም አለ። አስፋልት ላይ የሚበላው ጎማ አቧራ ሆኖ በዝናብ ወደ ቦይ ይገባል። አሜሪካ ሲያትል አካባቢ ከዝናብ በኋላ ኮሆ የተባለው የሳልመን ዓሣ ለምን በጅምላ እንደሚሞት ለዓመታት ሲያነጋግር ኖሮ፣ እ.ኤ.አ. በ2020 ገዳዩ ከጎማ የሚወጣ ኬሚካል መሆኑ ተደርሶበታል። ሁሉም የዓሣ ዓይነት እንደ ኮሆ በዚያ ኬሚካል አይሞትም፤ ነገር ግን ያረጀ ጎማ ወንዝ ዳር የሚከምሩ ጎማ ጠጋኞች ይህን ቢያውቁት ጥሩ ነው።

ሰው ላይስ? እዚህ ላይ ሁለት ዓይነት ሰዎች አሉ፤ «ሁላችንም አለቀልን» የሚሉና «ምንም አይደለም፣ ይወጣል» የሚሉ። ሁለቱም ቸኩለዋል። የታወቀው ይህ ነው፦ እ.ኤ.አ. በ2022 የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች ከ22 ጤነኛ ሰዎች በ17ቱ ደም ውስጥ የፕላስቲክ ቅንጣት አግኝተዋል። በ2024 ጣሊያን ውስጥ የአንገታቸው የደም ሥር በስብ ተጣብቦ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው 257 ሰዎች ወደ ሦስት ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ክትትል ተደረገላቸው። ከወጣው ስብ ውስጥ ፕላስቲክ የተገኘባቸው ሰዎች ካልተገኘባቸው ይልቅ ለድንገተኛ የልብ ሕመም፣ ለጭንቅላት ደም መቋረጥ ወይም ለሞት የመጋለጥ ዕድላቸው 4 ተኩል እጥፍ ነበር። ፕላስቲኩ ገደላቸው ማለት አይደለም፤ ሁለቱ አብረው ተገኙ ማለት ነው። ለእኔ ግን ይህ ለመጠንቀቅ ይበቃል። ማረጋገጫው እስኪመጣ ቦዩን መሙላት ጀግንነት አይሆንም።

እንግዲህ ወደ ማድ ቤት እንግባ። በዓሣ ሰውነት ፕላስቲክ የሚበዛው ሆድ ዕቃው ውስጥ ነው፤ በሥጋው ውስጥም ደቃቁ ተገኝቶ ያውቃል፣ ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ አጸዳዱ ዋጋ አለው። ሙሉ ዓሣ ስትገዙ ሆዱን ከታች ወደ ጭንቅላቱ ሰንጥቁ፤ የቢላውን ስለት ወደ ውጭ አድርጉት፣ አንጀቱን እንዳይበሳ። ጨጓራና አንጀቱን ሳይቀደድ እንዳለ ጎትታችሁ አውጡ። ከተቀደደ በውስጡ ያለው ሁሉ ሥጋው ላይ ይፈስሳል፤ ያኔ ውስጡን ደጋግማችሁ እጠቡ። ከጭንቅላቱ ሾርባ የምትሠሩ ከሆነ ቀዩን ስንጥብ መጀመሪያ ቁረጡት፤ ዓሣው የሚተነፍሰው ውሃውን በእሱ እያሳለፈ ስለሆነ ክርና ስብርባሪ ይይዛል። በተለይ አምባዛና ካርፕ ስትገዙ ይህን አትዝለሉ።

ሆድ ዕቃውን ደግሞ ወደ ውሃው አትመልሱት። ሐዋሳ አሞራ ገደል የሄደ ሰው ያውቀዋል፤ ዓሣው እዚያው ሐይቁ ዳር ይበለታል፣ አባ ኮዳዎቹ ከሰው እግር ሥር ቆመው ድርሻቸውን ይጠብቃሉ። ለሚያየው ደስ ይላል። ወፉ ያልደረሰበት ግን ከነያዘው ፕላስቲክ ተመልሶ ውሃ ይገባል፤ ሌላው ዓሣ ይበላዋል። ጉድጓድ ቆፍሮ መቅበር ብዙ ድካም የለውም።

ዓሣ አጥማጆች፣ ለእናንተም አንድ ቃል አለኝ። የተበጣጠሰ የናይሎን መረብ ውሃ ውስጥ ትታችሁ አትውጡ። ማንም ሳይጎትተው ዓሣ ሲገድል ይከርማል፤ ሲያረጅ ደግሞ ክር ክር ሆኖ እናንተው የምታጠምዱት ዓሣ ሆድ ይገባል። ሲቀደድ በጀልባችሁ ይዛችሁት ውጡ።

ሕፃን በጡጦ የምታጠቡ እናቶች፣ ይህ ከወንዝ ትንሽ ይርቃል፣ ግን ሳልነግራችሁ ባልፍ አጠፋለሁ። እ.ኤ.አ. በ2020 በደብሊን የሥላሴ ኮሌጅ ተመራማሪዎች ከፖሊፕሮፒሊን የተሠራ ጡጦ ትኩስ ውሃ ሲገባበት በአንድ ሊትር እስከ 16 ሚሊዮን ቅንጣት ሊለቅ እንደሚችል አሳይተዋል። ወተቱን በብርጭቆ ወይም በብረት ዕቃ በጥብጡት፤ ለብ ሲል ወደ ጡጦው ገልብጡት። ትኩስ ወጥ በፌስታል ቋጥሮ መውሰድም በዚሁ ምክንያት ይቅር።

አሁን ገበያ ላይ ስላሉ ሁለት ማታለያዎች። አንደኛው «ይበሰብሳል» የሚል ጽሑፍ የታተመበት ፌስታል ነው። ብዙዎቹ ቶሎ እንዲሰባበር ኬሚካል የተጨመረበት ተራ ፕላስቲክ ናቸው፤ ይሰባበራል እንጂ አይበሰብስም፣ ማለትም ማይክሮፕላስቲኩን ያፋጥናል። የአውሮፓ ኅብረት ይህን ዓይነቱን እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ ከልክሎታል። ሁለተኛው ጨርቅ መሳዩ ከረጢት ነው። በየሱቁ የጨርቅ ከረጢት ተብሎ የሚሰጠው አብዛኛው ያልተሸመነ ፖሊፕሮፒሊን ነው፤ ሲያረጅ ክሩን ያራግፋል። መለያው ቀላል ነው፤ ከጫፉ ትንሽ ቆርጣችሁ ክብሪት ለኩሱበት። ቀልጦ ጠብ ካለ ፕላስቲክ ነው፤ ጥጥ ከሆነ ተቃጥሎ አመድ ይሆናል። ይህን ሙከራ ከቤት ውጭ አድርጉት፤ ጭሱን አትማጉ። የቤት ቆሻሻ ፕላስቲክን ግቢ ውስጥ ማቃጠልም መፍትሔ አይደለም፤ መርዙን ወደ ሳንባችሁ ማዞር ነው።

ሕጉ አዲስ አይደለም። አዋጅ ቁጥር 513/1999 ስስ ፌስታልን፣ ውፍረቱ 0.03 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በታች የሆነውን፣ ከከለከለ ብዙ ዓመት ሆነው። ማንም ባለ ሱቅ ፌስታል በሚሊ ሜትር ሲለካ አይቼ አላውቅም፤ ሕጉም በዚያው ወረቀት ላይ ቀረ። በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አዲስ የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ አጽድቆ ፌስታልን ጭራሹን ከልክሏል፤ ይዞ ለሚጠቀምም ከ2,000 እስከ 5,000 ብር ቅጣት ተደንግጓል። ሩዋንዳ ይህን ያደረገችው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው፤ ዘግይተናል። ቢሆንም ቅጣቱን ፈርታችሁ ፌስታሉን ማታ ማታ ቦይ ውስጥ የምትጥሉ ካላችሁ፣ ከሕጉ በፊት ከነበረው የባሰ አጠፋችሁ። ያጠራቀማችሁትን ሃይላንድና ጀሪካን ለቆራሌው ስጡት፤ እስካሁን ከተማውን ከፕላስቲክ በመታደግ ከማንም በላይ የሠራው እሱ ነው፣ ምስጋናውን ግን ማንም አልሰጠውም።

የመንደር ኮሚቴዎች፣ እድሮች፣ የኮንዶሚኒየም ማኅበራት፦ በሰፈራችሁ ያለውን የጎርፍ መውረጃ ሰኔ ሳይገባ በግንቦት አስጠርጉ። ያወጣችሁትንም እንደ ወትሮው ቦዩ ዳር ከምራችሁ አትሂዱ፤ በዚያው ቀን አስጭናችሁ አስወግዱት፤ ካልሆነ የመጀመሪያው ዝናብ መልሶ ይከተዋል።