ለዛፍ ዕድሜ የሚበቃ መዝገብ



ባሕር ዛፍ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን ከገባ ወዲህ «ውሃ ይመጥጣል» እያልን ስንከሰው፥ «ማገዶና አጣና ይሰጣል» እያልን ስናመሰግነው ኖረናል። ክርክሩ ግን ብዙውን ጊዜ የሚደረገው በዓይን ግምት ነው። የዛፉ ትውልድ አገር አውስትራሊያ ነገሩን በምን መንገድ እንደ መረመረችው ለአንባብያን ጥቂት ማመልከት እወዳለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ከሜልቦርን ከተማ ባሻገር፥ ዝናም በሚበዛባቸው ተራሮች ላይ፥ «ማውንቴን አሽ» የተባለው የባሕር ዛፍ ዓይነት ከ80 ሜትር በላይ ያድጋል። በ1939 ታላቅ ቃጠሎ ይህን ደን አወደመው። ወደ ከተማው የሚወርደው ውሃ ሳይቋረጥ ይለካ ስለ ነበር፥ ከቃጠሎው በኋላ የበቀለው ወጣት ደን ከአሮጌው ይልቅ ብዙ ውሃ የሚጠጣ መሆኑ ታወቀ። የወንዙ ውሃ ከ20 እስከ 30 ዓመት ባለው ጊዜ እጅግ ይቀንሳል፤ ወደ ቀድሞው መጠን ለመመለስ ግን ከመቶ ዓመት በላይ ይፈጅበታል። እንግዲህ «ይህ ዛፍ ውሃ ይጠጣልን?» ለሚል ሰው፥ «በስንት ዓመቱ?» ተብሎ ይመለስለታል። የሦስት ዓመት ጥናት ይህን ከቶ ሊያሳይ ባልቻለም ነበር።

በዚሁ ደን ፕሮፌሰር ዴቪድ ሊንደንማየር በ1983 የጀመሩት ጥናት ከ40 ዓመት በላይ ሆኖታል። ግንዱ አርጅቶ ሲቦረቦር በሚፈጠረው ቀዳዳ የሚኖሩ እንስሳት አሉ፤ ቀዳዳው እንዲፈጠርም ዛፉ ቢያንስ 120 ዓመት ያህል መቆየት አለበት። በ2009 ሌላ ቃጠሎ በተነሣ ጊዜ፥ የቀድሞው ቈጠራ በእጅ ስለ ነበረ የጠፋውንና የቀረውን ማነጻጸር ተቻለ። የቪክቶሪያ መንግሥትም በተፈጥሮ ደኑ ውስጥ ለንግድ የሚደረገውን የዛፍ ቈረጣ ከጥር 1 ቀን 2024 ጀምሮ አቁሟል።

ከዚህ የምንማረው፥ በተለይ እኛ የመንግሥት ሠራተኞች፥ የመዝገብን ክብር ነው። ሹም ሲለወጥ ወንበርና ጠረጴዛ ተቈጥሮ በፊርማ ይረከባል፤ በብዙ ድካም የተሰበሰበው ልክ ግን ዕቃ ቤት ወርዶ አቧራ ሲለብስ ይታያል። ወንበር ቢጠፋ ሌላ ይገዛል፤ ያመለጠ ዓመት ግን በምንም ገንዘብ አይገዛም።

ስለዚህ የባሕር ዛፋችንም ዕድገት፥ በአጠገቡ ያለውም ምንጭ፥ በተወሰነ ቦታ በየዓመቱ እንዲለካ፥ መዝገቡም እንደ ማንኛውም የመንግሥት ንብረት በርክክብ እንዲተላለፍ የሚመለከታቸው ክፍሎች ቢያስቡበት መልካም ነው እላለሁ። ያን ጊዜ የልጅ ልጆቻችን ስለ ባሕር ዛፍ ሲከራከሩ በእጃቸው ማስረጃ ይኖራቸዋል።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የመንግሥት ሠራተኛ